ለድንገተኛ የሆድ ሕመም የሚደረግ የአልትራሳውንድ ምርመራ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋማ አካባቢዎች

መግቢያ

ቀድሞ የመንዝና ግሼ እንዲሁም የመርሐ ቤቴ አውራጃዎች ይባሉ የነበሩት የሰሜን ሸዋ አካባቢዎች ከአዲስ አበባ ያላቸው ርቀት በካርታ ላይ ሲታይ አጭር ነው። መንገዱ ግን በገደልና በሸለቆ የተቆራረጠ ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሪፈር የሚላክ ሕመምተኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ደጋ አቋርጦ ጣርማ በር ላይ ከደሴው ዋና መንገድ ጋር ይገናኛል። ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ደግሞ የጀማን ወንዝ ሸለቆ ወርዶ፣ ተሻግሮና ማዶውን ሽቅብ ወጥቶ ሙከ ጡሪ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ከቀበሌ እስከ ወረዳ ከተማ በቃሬዛ ወይም በበቅሎ የተጓዘው መንገድ አለ።

እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዛካሪ ኮፕ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው የድንገተኛ የሆድ ሕመም መጽሐፍ፣ ቀድሞ ጤነኛ በነበረ ሰው ላይ የተነሣ ብርቱ የሆድ ሕመም ስድስት ሰዓት ከቆየ በአመዛኙ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ እንደሆነ አስተምሯል። ትምህርቱ ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይነገራል። በደጋው ግን ስድስቱ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ሕመምተኛው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ሕመሙ መጋኛ ነው ተብሎ ይጠበቃል፣ ኮሶ ይጠጣል፣ ጠበል ይሞከራል፤ ጉዞው የሚጀመረው እነዚህ ካልረዱ በኋላ ነው። ስለዚህ በወረዳው ሆስፒታል ተረኛ የሆነው ሐኪም የበሽታውን ትክክለኛ ስም ከማግኘቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይህ ሰው በዚሁ ሌሊት ቀዶ ሕክምና ይደረግለት፣ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላክ፣ ወይስ አልጋ ይዞ ይታይ?

በእጁ ያለው አልትራሳውንድ ለዚህ ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እርግጠኛ መልስ ይሰጠዋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም አይነግረውም፤ የከፋው ደግሞ የተነገረው ሲመስለው ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ነጥቦችን በአካባቢው ሁኔታ ይመረምራል።

መሣሪያው የሚያየውና የማያየው

አልትራሳውንድ ለሆድ ሕመም አዲስ እንግዳ አይደለም። ኢያን ዶናልድና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 ከግላስጎው ያሳተሙት ፈር ቀዳጅ ጽሑፍ ራሱ ስለ ሆድ ዕጢዎች ምርመራ የተጻፈ ነበር። ከታዩት ሕሙማን መካከል የማይድን የጨጓራ ካንሰር አለባት ተብላ የነበረች ሴት ትገኛለች። የድምፅ ሞገዱ በሆድዋ ውስጥ ያለው በፈሳሽ የተሞላ የእንቁልጢ ከረጢት መሆኑን አመለከተ፤ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላትም ዳነች። ያች ሴት የዳነችው ሕመሟ ለመሣሪያው በሚመች ነገር፣ ማለትም በፈሳሽ፣ የተሞላ በመሆኑ ነው።

የድምፅ ሞገድ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፈሳሽ ሲያገኝ ሳይመለስ ያልፋል፤ ስለዚህ ፈሳሽ በመስኮቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጠጠር ሲያገኝ ይመለሳል፣ ከጠጠሩ በስተጀርባም ጥርት ያለ ጥላ ይጥላል። አየር ሲያገኝ ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይበተናል፤ ከአየሩ በስተጀርባ ያለው ሁሉ ይሰወራል። ከዚህ በታች የሚነሡት ጥንካሬዎችና ድክመቶች በአብዛኛው ከእነዚህ ሦስት ጠባዮች የሚመነጩ ናቸው።

የሕመምተኛው ቃልና የመቃኛው ቦታ

መቃኛው ሆድ ላይ ከማረፉ በፊት የሚሰማው ቃል የት እንደሚያርፍ ይወስናል። አማርኛ በዚህ ረገድ ለሐኪሙ ብዙ ይሰጠዋል። «ቆረጠኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለሚመጣና ስለሚሄድ ሕመም ነው፤ ይህም ከተዘጋ ቱቦ፣ ከአንጀት፣ ከሐሞት ወይም ከሽንት ቧንቧ ጋር ይስማማል። «ወጋኝ» የሚለው አንድ ቦታ ላይ የቆመ፣ ሲተነፍሱ የሚብስ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የጉበትን ዙሪያና የታችኛውን ሳምባ ጭምር ማየት ያሻል፤ የሳምባ ምች የሆድ ሕመም መስሎ መምጣቱ የታወቀ ነው። «ነፋኝ» የሚለው ቃል ግን አልትራሳውንዱ ሊደክም እንደሚችል አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። በዚህ ጊዜ ዐይነ ምድርና አየር መውጣት ያቆመበት ሰዓት በግልጽ መጠየቅ አለበት። አረጋውያን ይህን በሰው ፊት መናገር ስለሚያፍሩ አስታማሚው ወጣ እንዲል ማድረግ ይጠቅማል።

አንድ ተራ የሚመስል ጉዳይ እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። የመንዝ ብርድ ሰዉን በባናና በጋቢ ያስጠቀልለዋል፤ ሴቶች በመቀነት ወገባቸውን ይታጠቃሉ። በችኮላ ልብስ ገለጥ ተደርጎ እምብርት አካባቢ ብቻ የሚደረግ ቅኝት በብሽሽት ውስጥ የታነቀ ቡአን ሊስት ይችላል። የታነቀ ቡአ የሚታወቀው በዐይንና በእጅ ነው፤ አልትራሳውንድ የሚያስፈልገው እብጠቱ አጠራጣሪ ሲሆን ብቻ ነው። ከጡት ሥር እስከ ጭን መነሻ ድረስ ሆድን ገልጦ ማየት ከየትኛውም መሣሪያ ይቀድማል።

ፈሳሽና ጠጠር

አልትራሳውንድ ለደጋው ትልቁን ውለታ የሚውለው በልጅ መውለጃ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሲፈነዳ ደሙ በሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ሕመምተኛዋ ወጣት ከሆነች የደም ግፊቷ እስከ መጨረሻው ድረስ ሊደበቅ ይችላል። የሽንት የእርግዝና ምርመራው አዎንታዊ ሆኖ፣ በማሕፀን ውስጥ እርግዝና ሳይታይ፣ በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል ባለው ክፍተት ጥቁር የፈሳሽ መስመር ከታየ ተጨማሪ ምርመራ እየፈለጉ ጊዜ ማጥፋት አይገባም። በዚያ ክፍተት ፈሳሽ እስኪታይ ድረስ ከሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ብዙ መቶ ሚሊ ሊትር ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለችው ሴት በጀማ ሸለቆ ውስጥ በአምቡላንስ ከምትንገላታ እዚያው በአቅራቢያዋ ብትከፈት ይሻላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በማስተርስ ደረጃ ያሠለጠነቻቸው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ለወረዳ ሆስፒታሎች የታሰቡትም ለዚህ ዓይነቱ ሌሊት ነው። ምርመራው የሚጠይቀው ክህሎት ከፍተኛ አይደለም፤ ሦስት ቦታዎችን፣ ማለትም የጉበትን ሥር፣ የጣፊያን ዙሪያና የማሕፀንን ጀርባ፣ ማየት የሚችል ጠቅላላ ሐኪም በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይደርስበታል።

የእንቁልጢ መጠምዘዝ ግን ከዚህ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ያበጠና ከሌላው ጎን የሚበልጥ እንቁልጢ ጥርጣሬን ያጠናክራል። ሆኖም በዶፕለር የደም ዝውውር መታየቱ መጠምዘዝን አያስቀርም፤ ደም ቅዳው ገና ሳይዘጋ ደም መልሱ ሊታነቅ ይችላልና።

ለሐሞት ጠጠር አልትራሳውንድ ከሌሎች የምስል ምርመራዎች ሁሉ የሚመረጥ ነው። ጠጠሩ መኖሩ ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አያረጋግጥም፤ ጠጠር ይዘው ያለ ሕመም የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረ የከረጢት ግድግዳ፣ በዙሪያው ያለ ፈሳሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መቃኛው በትክክል በሐሞት ከረጢቱ ላይ ሲጫን ሕመምተኛው «እዚህ ነው» ማለቱ ክብደት አላቸው። በሐሞት ቧንቧ ውስጥ ሁለት ትይዩ መስመር ሆኖ የሚንቀሳቀስ፣ ጥላ የማይጥል ነገር ከታየ ወስፋት ነው። የኩላሊት ጠጠርን በተመለከተ፣ በቧንቧው ውስጥ ያለውን ጠጠር ማየት አስቸጋሪ ቢሆንም ከበላዩ ያበጠውን ኩላሊት ማየት ቀላል ነው።

በሕፃናት ላይ አንጀት በአንጀት ውስጥ ሲገባ የሚታየው ክብ ላይ ክብ ምስል ከአልትራሳውንድ አስተማማኝ ግኝቶች አንዱ ነው። ልጁ እያለቀሰ እግሩን ወደ ሆዱ ሲሰበስብ፣ በመካከል ጸጥ ሲል፣ ከዚያም ንፍጥና ደም የተቀላቀለበት ዐይነ ምድር ሲያወጣ አሜባ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቶት የሚመለስበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሆዱ ሳይቃኝ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

በበግ እርባታ በሚታወቀው በመንዝ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኪስት በሽታን የሚያመጣው ኤኪኖኮከስ የተባለው ትል የሚዘዋወረው በውሻና በበግ መካከል ነው፤ ሰው በውሻው ዐይነ ምድር በተበከለ ነገር ይያዛል። በጉበት ላይ የሚታይ ክብ ፈሳሽ ሁሉ የመግል ቋት አይደለም። በውስጡ ትንንሽ ከረጢቶች ወይም የተላቀቀ ሽፋን የሚታይበት ከረጢት የዚህ ትል ኪስት ሊሆን ስለሚችል፣ መግል ነው ብሎ ያለ ዝግጅት በመርፌ መውጋት ብርቱ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን ኪስቶቹን በደረጃ የከፋፈለውም በአልትራሳውንድ ምስላቸው መሠረት ነው።

ትርፍ አንጀት

እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ትርፍ አንጀት ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ታትመዋል። አልፍሬዶ አልቫራዶ በአሥር ነጥብ የሚሰላ የምልክቶች መመዘኛ አቀረበ፤ የኔዘርላንዱ ዩሊየን ፑይላርት ደግሞ መቃኛውን በዝግታ እየተጫኑ በመካከል ያለውን የአንጀት አየር ገለል በማድረግ ትርፍ አንጀትን የማየት ዘዴን አስተዋወቀ። ሁለቱ ለወረዳ ሆስፒታል ተደጋጋፊ ናቸው። ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ፣ ሲጫኑት የማይተጣጠፍ፣ መጨረሻው የተደፈነ ቱቦ ከታየ ምርመራው ተሳክቷል።

የደጋው ገበሬ በአመዛኙ ቀጭን መሆኑ ለዚህ ዘዴ የታደለ ሁኔታ ነው። ስብ በሌለው ሆድ ላይ ጥልቀት የማያስፈልገውን፣ ግን ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠውን ቀጥተኛ መቃኛ መጠቀም ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ቱቦው ሳይታይ ሲቀር ነው። ከዕውር አንጀት በስተጀርባ የተኛ፣ በአየር የተሸፈነ ወይም የፈነዳ ትርፍ አንጀት አይታይም። የፈነዳው በተለይ አሳሳች ነው፤ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓታት ሊረግብ ይችላል፣ ቱቦውም ቀጥኖ ይሰወራል። አልቫራዶው ከፍ ያለ ሆኖ አልትራሳውንዱ ምንም ካላሳየ ሊታመን የሚገባው መመዘኛው ነው።

ዘግይቶ ለሚመጣ ሕመምተኛ ግን የአልትራሳውንድ ጥቅም ሌላ መልክ ይይዛል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን በቀኝ ብሽሽት በላይ የሚዳሰስ እብጠት ያለው ሰው፣ እብጠቱ የተጣበቀ አንጀትና ሞራ ከሆነ በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት እየታየ ሊቆይ ይችላል፤ መግል የያዘ ከሆነ መግሉ መውጣት አለበት። ሁለቱን በእጅ መለየት ያስቸግራል፤ መቃኛው ግን ጥቁሩን የፈሳሽ ቋት ያሳያል። ትርፍ አንጀቱን ለማውጣት ተጣድፎ የተጣበቀውን መፈልፈል ጤናማ አንጀት የመቅደድ አደጋ ስላለው ይህ ልዩነት የሕመምተኛውን ዕጣ ይወስናል።

አየር የሞላው አንጀት

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተሙ ጽሑፎች የሲግሞይድ አንጀት መጠምዘዝን ከትልቁ አንጀት መዘጋት ዋና ምክንያቶች መካከል ያነሡታል። ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን፣ ከወጣቶች ይልቅ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ያጠቃል። ተመሳሳይ ነገር በቦሊቪያና በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ ስለታየ ምክንያቱ ከፍታ ነው የሚል አስተያየት ቀርቧል። በ3,000 ሜትር የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ስለሆነ በባሕር ዳርቻ አንድ ሊትር የነበረ አየር በመሐል ሜዳ ወደ 1.4 ሊትር ይሰፋል። አስተያየቱ ይማርካል፤ ሆኖም በደጋው ተወልዶ የሚኖር ሰው የአንጀት አየር የሚፈጠረው በዚያው ግፊት ውስጥ በመሆኑ ስሌቱ ብቻውን በቂ ማብራሪያ አይሆንም። አሠር የበዛበት የገብስና የጥራጥሬ ምግብ፣ በዕድሜ የሚረዝም አንጀትና ጠባብ የሞራ መሠረት አብረው ሳይሠሩ አይቀሩም።

ስሌቱ በተግባር የሚጠቅመው በሪፈር ጉዞ ላይ ነው። በሁለት ጫፍ ታንቆ በአየር የተወጠረ አንጀት ያለው ሰው ከሸለቆ ግርጌ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ይጨምራል። ትኩሳት፣ የሆድ መድረቅና ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ከሌለ፣ አንጀቱ አልሞተም ተብሎ ሲገመት፣ ከመላኩ በፊት በፊንጢጣ በኩል ሲግሞይዶስኮፕ ባለበት በጥንቃቄ የጎማ ቱቦ አስገብቶ ማስተንፈስ ከሕመሙም ከጉዞውም ስጋት ይቀንሳል። ማስተንፈስ ፈውስ አይደለም፤ ተፈቶ የተመለሰ አንጀት ደግሞ የመጠምዘዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ ቱቦው የረዳው ሰው ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ቀዶ ሕክምናው ይላካል።

ለዚህ ሕመም አልትራሳውንድ ምን ይሠራል? ለምርመራው ራሱ እጅግ ጥቂት። መቃኛው ሲያርፍ የሚታየው ብሩህ መስመርና ከበስተጀርባው ያለ ግራጫ ጭጋግ ነው፤ ይህን ደግሞ ተራ የሆድ መነፋትም ያሳየዋል። በአንጻሩ በተኛበት የሚነሣ የሆድ ራጅ ትልቅ የቡና ፍሬ የመሰለውን የተወጠረ አንጀት ብዙ ጊዜ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለቡና አገር ሐኪም ከዚህ የቀለለ ምልክት የለም። ሆዱ ከበሮ ሆኖ የተነፋን ሰው አልትራሳውንድ አልጋ ላይ አስተኝቶ ግማሽ ሰዓት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ራጅ ክፍሉ ይቅደም። በጨጓራ ወይም በታይፎይድ ምክንያት አንጀት ተበስቷል ተብሎ ሲጠረጠርም ቆሞ የሚነሣ የደረት ራጅ ይቀድማል።

አልትራሳውንድ ወደ ጥቅም የሚመለሰው በትንሹ አንጀት መዘጋት ነው፤ ምክንያቱም ትንሹ አንጀት ሲዘጋ በመጀመሪያ የሚሞላው በፈሳሽ ነው። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰፋ፣ ይዘቱ ወደፊትና ወደኋላ የሚዋዥቅ አንጀት መዘጋቱን ያሳያል። በኢትዮጵያ ገበሬዎች ላይ የትንሹ አንጀት መጠምዘዝ በተደጋጋሚ ተዘግቧል፤ በዶፕለር የሞራው ደም ሥሮች እንደ አዙሪት ተጠቅልለው ከታዩ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አስቀድሞ ሲዋዥቅ የነበረው አንጀት ጸጥ ካለና በአንጀቶቹ መካከል ፈሳሽ ከታየ አንጀቱ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል የሚጠበቅ ሰዓት የለም።

የሪፖርቱ ቃል

ከወረዳ ሆስፒታል ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ከሕመምተኛው ጋር የሚሄደው ወረቀት ብዙውን ጊዜ አንድ መስመር የአልትራሳውንድ ውጤት ይይዛል። «የሆድ አልትራሳውንድ፦ ጤናማ» የሚለው ጽሑፍ ከዝምታ የባሰ ነው፤ ያልታየውን እንደታየ ያስቆጥራልና። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስም ሆነ በሌሎች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለሚሠለጥኑ ሐኪሞች አጻጻፉ ከአያያዙ እኩል ሊሰጥ ይገባል። ጥሩ ሪፖርት የታየውን፣ ያልታየውን፣ ያልታየበትን ምክንያትና ሰዓቱን ይናገራል። «ነፃ ፈሳሽ የለም። ጉበት፣ ሐሞት ከረጢትና ሁለቱ ኩላሊቶች ታይተዋል፤ ሕመም የሚያመጣ ነገር አልተገኘባቸውም። ትርፍ አንጀት አልታየም። የመካከለኛው ሆድ በአየር ምክንያት አልታየም። ምርመራው የተደረገው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው።»

እንዲህ የተጻፈ ወረቀት ይዞ የመጣን ሕመምተኛ የሚቀበለው ሐኪም በማግስቱ ጠዋት መቃኛውን በዚያው ቦታ መልሶ ያሳርፋል። በ5 ሰዓት ያልነበረ ፈሳሽ በጉበቱ ሥር ከታየ፣ ሌሊቱን በመንገድ ላይ ሳለ በሕመምተኛው ሆድ ውስጥ አንድ ነገር እንደተለወጠ ያውቃል፤ የቀዶ ሕክምና ክፍሉም ሌላ ምርመራ ሳይጠበቅ ይዘጋጃል።